የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ፦ የጠየቃችሁኝና የምመልሰው

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ መቆም ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ሰው ስለ ክኒን ሦስት አራቴ ይጠይቃል። የሚቀባ ሲሆን ግን «ያው ከላይ ነው» ብሎ ቱቦውን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ስለ ጡንቻ ሕመም ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ የምመልሰው ይህ ስለሚያሳስበኝ ነው። የምትቀቡት መድኃኒት በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። መጠኑ ከክኒን በጣም ያንሳል፣ ግን ይገባል። ከታች የምሰጣችሁ አብዛኛው ምክር ከዚህ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ልምምድ ጀምሬ፣ በማግስቱ ጭኔ ደረጃ አላስወርድ አለኝ። ዲክሎፌናክ ጄል ልቀባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጡንቻ ያልለመደው ሥራ ሲበዛበት የሚመጣ ሕመም ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብስና በራሱ ይለቃል። ዲክሎፌናክ ሕመምና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ጄሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ስትራፖ ሲይዝህ ወይም እግርህን ወለም ሲልህ ነው። ለአሁኑ ቀለል ያለ የእግር ጉዞና በቂ እንቅልፍ ይበቃሃል፤ ልምምዱንም ቀስ እያልክ ጨምር። አንድ ምልክት ግን እንዳታልፍ፦ ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ጡንቻው እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ኩላሊት ስለሚጎዳ ቅባት ሳትፈልግ በቀጥታ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ስንት እንደምቀባ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ባመመኝ ቁጥር በቀን አምስት ስድስቴ እቀባለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለ1 በመቶ ዲክሎፌናክ ጄል የአዋቂ የተለመደ መጠን በአንዴ ከ2 እስከ 4 ግራም፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። 2 ግራም ከቱቦው ሲጨመቅ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል፤ ለትከሻ ይበቃል፣ ለጭን እጥፉን። አንዴ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ ብትለኪው ከዚያ በኋላ ዓይንሽ ይለምደዋል። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት ቦታ አይቀባም። ለስለስ አድርገሽ ካዳረስሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ። የተቀባውን ቦታ ለ1 ሰዓት ያህል ውሃ አታስነኪው። በ7 ቀን ለውጥ ካላየሽ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ ባልም ተቀብቼ ሙቅ ውሃ ብይዝበት ቶሎ ይለቅሃል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አደራህን እንዳታደርገው። አንዲት እናት ወገባቸውን ይዟቸው ሜንቶል ያለበት ባልም ይቀባሉ። በላዩ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አስደግፈው ይተኛሉ። ጠዋት መጥተው ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉልኝ፣ ወገባቸው ላይ የጠርሙሱ ቅርጽ ቀልቶ ታትሟል፤ መካከሉም ውሃ ቋጥሯል። ሌሊቱን ግን ያን ያህል እንዳልተሰማቸው ነገሩኝ። ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚለየውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ቆዳው እየተቃጠለ ሰውየው ላያውቀው ይችላል። ሙቀቱ ደግሞ የደም ሥሩን ከፍቶ መድኃኒቱን አብዝቶ ያስገባል። በላስቲክ መሸፈንና በፋሻ ማጥበቅም ያው ነው። ያለ ሙቀትም ቢሆን አንዳንድ ሰው ላይ ቃጠሎ ስለሚያመጡ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ስላለባቸው ቅባቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ካቃጠለ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ከጅዳ «ካላቃጠለኝ አልሠራም ማለት ነው?» ላልሽኝ እህቴም መልሴ ይኸው ነው። ያ የማቃጠል ስሜት የቆዳ ነርቭ መልእክት ነው፣ ጡንቻው መዳኑን አይነግርሽም።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) እወስዳለሁ። ትከሻዬን ሲያመኝ ባልም ብቻ ነው የምቀባው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ያ የታወቀ ሽታ ያላቸው ብዙ ባልሞች ውስጥ ያለው ሜቲል ሳሊሲሌት የአስፕሪን ዘመድ ነው። ጠንካራዎቹ ውስጥ 30 በመቶ ይደርሳል። በየቀኑ ሰፊ ቦታ ላይ ሲቀባ የዋርፋሪኑን ኃይል ከፍ አድርጎ ደም እስከማፍሰስ ያደርሳል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቭ ያስቀየሩ ብዙ ወጣቶች አገራችን ውስጥ አሉ። ክትትላቸው ላይ ስለ ክኒን ይጠየቃሉ፤ ስለ ቅባት ግን የሚጠይቃቸውም የሚናገሩትም ጥቂት ነው። የድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰንበር ወይም የጠቆረ ሰገራ ካየህ ዛሬውኑ ሂድና አይኤንአርህን (ደምህ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረጋ የሚያሳየውን ምርመራ) ተለካ። ዲክሎፌናክ ጄልም ቢሆን ሐኪምህ ሳያውቅ አትጀምር። ለሕመሙ ፓራሲታሞልን አማክረው፤ እሱም በየቀኑ ብዙ ከተወሰደ አይኤንአርን ስለሚነካ መጠኑን ከሐኪምህ ጋር ወስኑ።

ጥያቄ፦ አይቡፕሮፌን እየዋጥኩ ጄሉን ብደርብስ?

መልስ፦ አትደርብ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም በአስፕሪን የሚነሳ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ከጄሉም በፊት ያማክር።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ።

መልስ፦ ዲክሎፌናክም ሆነ ኬቶፕሮፌን፣ በጄልም ቢሆን ለአንቺ አይሆንም። ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ይህ ዓይነት መድኃኒት የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ልቡ አጠገብ ያለውን የደም ሥር ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። በጎንሽ ተኝተሽ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርጊ። ለክትትል ስትሄጂም ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። እግሬን ሲል ከእኔው ባልም ትንሽ አደርግለታለሁ።

መልስ፦ አታድርጊለት። ብዙ ባልም ውስጥ ያለው ካምፎር ሕፃን ከዋጠው ያንዘፈዝፋል። ንጹሕ የሜቲል ሳሊሲሌት ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ከ20 የአዋቂ አስፕሪን ክኒኖች በላይ ጉልበት አለው፤ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ጠርሙሱን ከትራስጌ አንሺውና ከፍ ያለ ቦታ ቆልፊበት። ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሪ፤ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።

ጥያቄ፦ ኬቶፕሮፌን ጄል የተቀባሁበት ክንዴ ፀሐይ ሲነካው ሽፍታ አወጣ።

መልስ፦ ይህ መድኃኒት ከፀሐይ ጋር አይስማማም። አቁመው፤ ካቆምክም በኋላ ለ2 ሳምንት ቦታውን በልብስ ሸፍን። ሽፍታው ከሰፋ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአሜሪካ በአውሮፕላን ከመጣች አምስት ቀኗ ነው። ግራ ባቷ ያማታል፣ ከቀኙ ይልቅ አብጧል፣ ይሞቃልም። ማታ ማታ በጄል አሽላታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ማሸቱን አሁኑኑ ተዪው። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንድ ባት ብቻ ሲያብጥና ሲሞቅ፣ የረጋ ደም የደም ሥሩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ማሸት ያን የረጋ ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል። የእግር አልትራሳውንድ ወደሚሠራ ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰጃቸው፤ እስከ ነገ አትጠብቂ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው አምቡላንስ ጥሪ።