ለካሜራ የውሃ ሃውዚንግ ስለመምረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ሃውዚንግ (ካሜራ ይዘን ውሃ ውስጥ ስንገባ ስለምንከተው ውሃ የማያስገባ ሳጥን) በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ። እንደምታውቁት ደሴ ላይ ካሜራ እጠግናለሁ። ውሃ ገብቶበት የሚመጣልኝ ካሜራ አብዛኛው የሚበላሸው ሃውዚንጉ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን በደንብ ስላልተዘጋ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፦ ካሜራውን ሳታስገቡ ባዶውን ሃውዚንግ ውሃ ውስጥ ሞክሩት።

የቦርከና ልጅ፦ ጋሼ፣ የትኛው ሃውዚንግ ይሻላል?

መልስ፦ ካሜራህ ምንድን ነው? ሞዴሉን ሳላውቅ ምንም ልልህ አልችልም።

የቦርከና ልጅ፦ ካኖን ጂ7ኤክስ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያው ነው ወይስ ማርክ 2? የመጀመሪያው ከሆነ ደብሊውፒ-ዲሲ54፣ ማርክ 2 ከሆነ ደብሊውፒ-ዲሲ55 ነው። ሁለቱም እስከ 40 ሜትር የተሠሩ ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የኮምፓክት (የትንሽ ካሜራ) ሃውዚንግ ለአንድ ካሜራ ልክ ተቀርጾ ነው የሚወጣው። በእያንዳንዱ የካሜራ ቁልፍ ትይዩ ከውጭ የሚገፋ ዘንግ አለው፤ ቁልፉ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ዘንጉ ባዶ ቦታ ይጫናል። ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ «የካኖን ሃውዚንግ አምጣልኝ» ብለህ አትላከው። ካሜራው ሥር የተጻፈውን ሞዴል ፎቶ አንስተህ ላክለት።

ሆጤ ሰፈር፦ እኔ ካሜራውንም ገና አልገዛሁም። ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ስዋኝ ማንሳት ነው የምፈልገው።

መልስ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ገና ገንዘብሽን አላወጣሽም። ብዙ ሰው ካሜራ ይገዛና ሃውዚንግ ይፈልጋል፤ መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። መጀመሪያ ሃውዚንግ ያለውን ሞዴል ለዪ፣ ከዚያ ካሜራውን ግዢ። ለዋና ብቻ ከሆነ ግን ሃውዚንግ ላያስፈልግሽ ይችላል። ኦሊምፐስ ቲጂ-6 እና ተከታዩ ቲጂ-7 ያለ ምንም ሃውዚንግ እስከ 15 ሜትር ይገባሉ። ፒቲ-059 የሚባለው ሃውዚንግ ለሁለቱም ይሆናል፤ 45 ሜትር ድረስ ያወርዳቸዋል። ካሜራው ራሱ ውሃ የማያስገባ ሲሆን፣ ከ15 ሜትር በላይ እስካልወረድሽ ድረስ ሃውዚንጉ ቢያፈስ እንኳ ካሜራሽ ይተርፋል። እኔን ብትጠይቂኝ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ብቻ የባትሪውን በር ጎማ እንደ ሃውዚንግ ኦሪንግ (ክዳኑ ዙሪያ ውሃ እንደሚያግደው ቀለበት ጎማ) ቁጠሪው፤ እሱ ላይ አሸዋ ካለ 15 ሜትር የሚባል ነገር የለም።

አዲስ ገቢ፦ ስልኬን በላስቲክ ከረጢት ባስገባውስ?

መልስ፦ ለዝናብና ለታንኳ ይሆናል። ይዘኸው አትጥለቅ።

ሳላይሽ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ጦሳ ሥር፦ በሚቀጥለው ወር ጅቡቲ እሄዳለሁ። ሃውዚንጉን እዚሁ ቤቴ አጽድቼ፣ ዘግቼ ብወስደው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ይህ እኛ ደገኞች ጨርሶ የማናስበው ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ ስትዘጋው የምትዘጋው የደሴን ስስ አየር ነው። ጅቡቲ ስትደርስ የውጭው አየር ይከብድና ክዳኑን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ልዩነቱ 2.5 ሜትር ውሃ ውስጥ እንደገባ ያህል ነው። 12 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን ላይ ወደ 24 ኪሎ ይጫናል። መቆለፊያውን ፈትተህም ክዳኑ እምቢ ይልሃል፤ በካቻቢቴ ልፈልቅቀው ስትል የኦሪንጉን መቀመጫ ትቧጭረዋለህ።

የባሰው ግን መመለሻው ነው። ጅቡቲ ዘግተኸው ደሴ ብትወጣ ውስጥ የታመቀው አየር ያንኑ 24 ኪሎ ወደ ውጭ ይገፋል። ሃውዚንግ የተሠራው ከውጭ ሲጫኑት እንዲጠብቅ ነው፤ ከውስጥ ሲገፉት ይላላል። በአውሮፕላን ስትጓዙ ኦሪንጉን አውልቁት የሚባለውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ስትሄድም ስትመለስም ኦሪንጉ ለብቻው በንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን። የምትዘጋው እዚያው፣ ጠዋት፣ ኤሲ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው።

ሐይቅ ስትወርዱ ግን ምክሬ ይገለበጣል። ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ያለ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ዘግታችሁ ብትወርዱ፣ ልዩነቱ ከጅቡቲው በጣም ያነሰ ስለሆነ ግፊቱ ክዳኑን ያጠብቅላችኋል እንጂ አያስቸግራችሁም። የደሴ የጠዋት አየር ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚይዘው እንፋሎት ትንሽ ነው፤ የሐይቁ ውሃ ከዚያ አየር ሞቅ ስለሚል መስታወቱ ላይ ጤዛ አይቋጥርም። እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ ዳር፣ ላብ በላብ በሆነ እጅ የሚዘጋ ሰው ነው ጉም የያዘ ፎቶ ይዞ የሚመጣው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ከእናንተ ወደ ሐይቅ መንገዱ መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ደሴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ደሴ ስትደርሱ ከፍታችሁ እንደገና ዝጉት።

ፎቶ ቤት፦ ኦሪንጉን እኔ ቫዝሊን ነው የምቀባው፤ አንድም ቀን አላፈሰሰብኝም።

የቦርከና ልጅ፦ እኔም ቫዝሊን ሰምቻለሁ። የመኪና ግራሶስ?

ፎቶ ቤት፦ የመኪናው ይወፍራል፤ ቫዝሊን ይሻላል።

ጦሳ ሥር፦ ሁለቱም ነዳጅ ነው፣ ጎማ ይበላል እኮ።

መልስ፦ ሁለቱንም ተዉ። የፔትሮሊየም ቅባት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ኦሪንግ ከመቀመጫው ይወጣል። ሃውዚንጉ ይዞት ከመጣው ግራሶ ውጭ አትጠቀሙ። የሲሊኮን ግራሶ ስለተባለ ብቻም አይሆንም፤ ኦሪንጉ ራሱ ሲሊኮን ከሆነ የሲሊኮን ግራሶም ሊያሳብጠው ይችላል። ፎቶ ቤት፣ አላፈሰሰም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ጎማው ቀስ እያለ ነው የሚበላሸው። ደግሞ ውሃ የሚያግደው ግራሶው አይደለም፤ ኦሪንጉ ነው። ግራሶው ኦሪንጉ ሳይጠማዘዝ ተንሸራቶ እንዲቀመጥ ብቻ ነው የሚረዳው። ስለዚህ የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ኦሪንጉን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ጉብ ሲል አውጡት፤ መርፌና ቢላ አታስጠጉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን ሳቡት፤ ዓይን ያላየውን አሸዋ ጣት ያገኘዋል። መቀመጫውን ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፤ ሶፍት አይሆንም፣ ቁርጥራጩ ይቀራል። ነጠላም ጋቢም ለብሳችሁ አትክፈቱት፤ ከጥጡ የምትወድቅ አንዲት ክር ኦሪንጉ ላይ ተጋድማ ከቀረች ውሃ በእሷ በኩል ይገባል። ከዘጋችሁ በኋላ በመስታወቱ በኩል ዙሪያውን እዩ፤ ኦሪንጉ ሳይቋረጥ አንድ ዓይነት መስመር ሆኖ መታየት አለበት። ከዚያ ውስጡ ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ ባዶውን ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ድፈቁት። ሶፍቱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ የረጠበው ሶፍት ነው፣ ካሜራችሁ ግን ደህና ነው።

ሳላይሽ፦ ጥሩ ሃውዚንግ ጠቁሙኝ እስቲ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ሞዴል ያልጠቀሰ ጥያቄ ከእንግዲህ አልመልስም።

የሐይቅ ልጅ፦ ሐይቁ ላይ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ደሴቱ ጎን ሄጄ ውሃ ውስጥ አነሳሁ፤ ፎቶው ሁሉ አረንጓዴ ሆነብኝ።

ወረ ባቦ፦ እስጢፋኖስ ደሴት አይደለም፤ በእግር ይገባል።

የሐይቅ ልጅ፦ ድሮ ደሴት ነበር፤ አያቶቻችን በታንኳ ነበር የሚሻገሩት።

ወረ ባቦ፦ አሁን ነው የምልህ። ሴትስ ትገባለች?

ሆጤ ሰፈር፦ ወንዶች ገዳም አንገባም። እኔ ከማዶ ነው የማነሳው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት ገዳም ስለሆነ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። አሁን ወደ ጉዳያችን።

አረንጓዴው የሃውዚንጉ ጥፋት አይደለም። ቀይ ብርሃንን ውሃው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው አልጌ አረንጓዴውን ያጎላዋል። ለባሕር የሚሸጠው ቀይ ፊልተር ለሰማያዊ ውሃ ነው፤ ለእኛ አረንጓዴ ውሃ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ) ነው የሚሆነው። ፊልተር ከሌለህ ነጭ ፕላስቲክ ይዘህ ግባና እዚያው ጥልቀት ላይ ካሜራውን ወደ ፕላስቲኩ አዙረህ ነጩን (ዋይት ባላንሱን) አስለካው። ዋናው መድኃኒት ግን መቅረብ ነው። ዙም አድርገህ ቆሮሶ ዓሣ ከሦስት ሜትር ብታነሳ የምታነሳው ውሃውን ነው። ሌንሱን አስፍተህ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተጠጋ። የካሜራውን ፍላሽ አጥፋው፤ ሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ውሃው ውስጥ ያለውን ብናኝ ሁሉ ነጭ ነጥብ ያደርገዋል።

አዲስ ገቢ፦ ሲሊንደር ይዤ ብጠልቅ ስንት ሜትር ድረስ...

መልስ፦ እሱን እኔን አትጠይቀኝ። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታ ቦታ ላይ መጥለቅ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። የሠለጠነ ሰው ሳይኖር አይሞከርም።

ፎቶ ቤት፦ ውሃ የገባበትን ሩዝ ውስጥ መቅበር ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ወዲያው አጥፋው፣ ባትሪና ሚሞሪ አውጣ፣ «ይሠራ ይሆን» ብለህ እንዳታበራው። ሩዙ አቧራውን ይጨምርበታል እንጂ ውስጡን አያደርቅም። ያው ዛሬውኑ የሚፈታው ሰው ጋ ውሰደው፤ የጨው ውሃ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።

ጦሳ ሥር፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ያገለገለ ሃውዚንግ አግኝቻለሁ፤ የፎቶ ማንሻው ቁልፍ ሲጫኑት ተጭኖ ይቀራል።

መልስ፦ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድረውና እዚያው ውሃ ውስጥ ሁሉንም ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን፤ ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ሥር የደረቀ ጨው ነው። ከዚያ በኋላም ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ወይም ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሿ ኦሪንግ ደርቃለች። ስፕሪንጉ የደከመ ከሆነ ጥልቀት ላይ የውሃው ግፊት ራሱ ቁልፉን ይጫነዋል፤ ካሜራው ያለ አንተ ያነሳል፣ ወይም ይጠፋል። ሻጩ ዋጋ ካልቀነሰልህ ተወው። ከቀነሰልህ ግን ዘንጉን ራስህ አትፍታው፤ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።