የድንች ዘር ለተረፋችሁ ወጣቶች

ይድረስ በቀበና፣ በአራት ኪሎና በአካባቢው ጓሮዎች የከተማ ግብርናን ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

ነሐሴ ሲጋመስ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «ጋሼ፣ ዘር ተርፎናል፣ ጊዜው ግን አልፏል። ብንበላውስ?» መብላቱን እንኳ ተዉት። ለዘር ተብሎ ብርሃን ላይ የከረመ ድንች አረንጓዴ ሆኗል፤ ከአረንጓዴው ጋር ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ይበዛል፣ ቢቀቅሉትም አይለቅም። ለድስት የማይሆነው ይህ ድንች ለመሬት ግን ደህና ዘር ነው።

ጊዜው አልፏል የሚለውን ፍርድ ደግሞ ከየት እንዳመጣችሁት ጠይቁ። በስልካችሁ የምታነቡት ምክር አብዛኛው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት ሀገር የተጻፈ ነው። እዚያ ዘግይቶ የተተከለ ድንች ቀኑ እያጠረበት፣ ውርጩ እየደረሰበት ሳይደርስ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ድንች የሚቋጥረውም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ነው። በመስከረም መጀመሪያ መትከል ሌላም ጥቅም አለው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ቅጠሉን በጥቂት ቀናት የሚያጠቁረው በሽታ ሰማዩ ሲጠራ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ያው በሽታ ነው።

እዚህ ዘግይቶ የተከለን ሰው የሚፈትነው ውሃ ነው። ከ120 እስከ 150 ቀን የሚቆይ ድንች ጥሩ ምርት እንዲሰጥ ከ500 እስከ 700 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ አራት ካሬ ሜትር ለምታክል መደብ ቢያንስ 2,000 ሊትር፣ ማለትም አሥር ትልልቅ በርሜል ያስፈልጋል። የመስከረም ዝናብ ከዚህ ጥቂቱን ይሸፍንላችኋል፤ የቀረው ከቧንቧ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው። በርሜል ሳታዘጋጁ ዘር አትቅበሩ። በቅርብ ይፈስሳል ብላችሁም የቀበናን ወንዝ አትቅዱ፤ የስንቱን ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚወርድ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማሽተት ይበቃል።

ዘሩን አንድ በአንድ እያነሳችሁ እዩት። ጨለማ ውስጥ የከረመው ነጭ፣ ቀጭን፣ ሲነኩት የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል፤ ጥላ ባለበት ብርሃን የከረመው ጉንቁል አጭርና ወፍራም ነው፣ ጣት ሲያርፍበት አይነቀልም። የመጀመሪያውን ዓይነት ጉንቁሉን ነቅላችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉት፤ ጉልበት ካለው እንደገና ያጎነቁላል። ጉንቁሉ ገና ቅጠል ሳያወጣ ጫፉ ላይ እንደ አተር ያሉ ድንቾች መቋጠር ከጀመሩ ግን አርጅቷልና ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይሂድ። መጨማደዱ ብቻውን አያስጥለውም። ትንሽ ያረጀ ዘር ብዙ ግንድ ያወጣል፣ ፈጥኖም ይደርሳል፤ ድንቹ ያንሳል እንጂ። ለዘገየ ሰው ይህ ኪሳራ አይደለም። ዘሩን ከፋፍሎ መቁረጥ ግን ይቅር፤ የደከመ ዘር ቁስሉን መሸፈን ያቅተውና እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

በማሳ የተለመደው ርቀት በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲሜትር ነው። ጓሮ ውስጥ መስመሩን ወደ 60 ብታጠብቡት አልቆጣም። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ኮትኩቱና አፈር አስታቅፉት። ጆንያ ውስጥ ተክላችሁ ፎቶ የምታነሱትንም አልቃወምም፣ ግን ጆንያ በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፤ የውሃውን ስሌት ከፍ አድርጉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ከወንዙ ዳር ይተኛል፤ ጓሮአችሁ እዚያ ከሆነ ማታ ማታ ተክሉን ሸፍኑት።

ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀትር ከጠወለገና አጠጥታችሁትም ካልተነሳ፣ ግንዱን ከሥሩ ቁረጡና ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አንጠልጥሉት። ከተቆረጠው በኩል እንደ ወተት ያለ ቀጭን ክር ቁልቁል ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነድንቹና ከነአፈሩ አውጡት፣ መሣሪያውን እጠቡ፣ በዚያ መደብ ላይ ለጥቂት ዓመታት ድንችም ቲማቲምም ቃሪያም አትትከሉ።

ሁሉም ከሰመረላችሁ የነቢያት ጾም ሳይፈታ ለአልጫ የሚሆን ድንች ይኖራችኋል። ከመቆፈራችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግንዱን እጨዱት፤ በአውራ ጣት ሲያሹት ልጣጩ የማይላቀቅ ሲሆን አውጡት። ከዚህ ምርት ግን ለሚቀጥለው ዓመት ዘር አታስቀሩ። በጋ ላይ ክሽክሽ የሚባል ቅጠል መጣጭ ተባይ ይበዛል፣ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል፤ ድንቹን አይታችሁ በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት አትችሉም። ለግንቦት በሆለታ የምርምር ማዕከል ከወጡት ከጉደኔ ወይም ከበለጠ ዝርያ፣ ንጹሕ ዘር ከሚያባዙ ገበሬዎች ግዙ፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ጥሩውን ሌላ ሰው ወስዶታል።