ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዞ ዛንዚባር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ክረምት ሲቃረብ የዛንዚባር ጥያቄ ይበዛል። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲሆን እዚያ ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው፤ በረራውም ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ትንንሽ ልጅ ላላቸው ብቻ እንመልስ።

ልጃችን 1 ዓመት ከ11 ወሯ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ለእሷም ግድ ነው?

ግድ ነው። ዛንዚባር የምትገኝባት ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ ዕድሜው 1 ዓመት ከሞላ ጀምሮ ካርዱን ትጠይቃለች። ካርዱ የሚሠራው ከተከተበች 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ደግሞ ልደቷ እዚያው እያላችሁ ከሆነ ለመልሱ ጉዞ የራሷ ወንበር ያስፈልጋታል፤ እቅፍ ላይ የሚኬደው 2 ዓመት እስኪሞላ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ።

ፓጄ ሆቴል ይዘናል። «ባሕሩ ይሸሻል» ብለው አስፈራሩን። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈራ አይደለም። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ጠዋት ደጃፋችሁ የነበረው ውኃ ከስድስት ሰዓት በኋላ ብታዩት ርቆ ሄዶ ነጭ መስመር ይሆናል። ነጩ መስመር ማዕበሉ ከኮራል ድንጋዩ ጋር የሚላተምበት ነው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሽሽቱ ይበረታል።

ለዋናተኛ ያናድዳል። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ መጫወቻ አላውቅም፤ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ለብ ያለ ውኃ፣ ወደ ጎን የሚሮጥ ሸርጣን፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ፍጥረት። እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶችም ታያላችሁ። ገመዱ የእንጀራቸው ነገር ነውና ልጁ እንዳይጎትተው።

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የባሕር ጃርት የሚሉት ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ ሶሉ ጠንካራ የሆነ የውኃ ጫማ አድርጉለት። ሁለተኛ፣ ውኃው ሲመለስ ጎድጓዳውን ከኋላችሁ ቀድሞ ይሞላል። ገና እየጎደለ ሳለ ወደ ውስጥ ሂዱ፣ መመለስ ሲጀምር እናንተም ወደ ዳር ተመለሱ። የዕለቱን ሰዓት ሆቴሉን ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ለሚፈልግ ሰሜኑ፣ ኬንድዋና ኑንግዊ ይሻላል፤ እዚያ ብዙ አይሸሽም።

የኤሊዎቹ ደሴት ልጅ ይዘን ብንሄድ ያደክማል?

ቻንጉ ደሴት ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ አያደክምም። ከሲሸልስ የመጡት የአልዳብራ ኤሊዎች አንዳንዶቹ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ልጅ አፉን ከፍቶ ነው የሚያያቸው። ቅጠል ማጉረሱን ግን ለትልልቆቹ ተዉት፤ ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይይዛል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ እጁ ከአፉ አይጠፋም። በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀልባው ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ነው። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ እንጂ መዳኛ አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ጀልበኛው «ሳ ሞጃ» ካላችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ሆቴሉ ግን በፈረንጅ ይቆጥራል። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ባለቤቴ «ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይጎዳም» እያለ ልጁን ክሬም አልቀባም ይላል።

ይጎዳል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። የፀሐይ መከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም፣ ሰፊ ኮፍያ፣ እጅጌ ያለው ልብስ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ዋሉ፤ የእንቅልፉም ሰዓት ስለሆነ ይገጥማል። ተቅማጥ ቢይዘው በውኃ በጥብጣችሁ የምትሰጡት ኦአርኤስም ሻንጣ ውስጥ ይኑር። ባለቤትሽንም ቀቢው።

ከቤት ምግብ ሌላ አይቀምስም።

«ኡጂ» ብላችሁ ጠይቁ፤ የእኛን አጥሚት ይመስላል። ቻፓቲ፣ ሙዝና ነጭ ሩዝም የትም አለ።

ጋሪ እንውሰድ?

ተዉት። አሸዋ ላይ አይሄድም፣ የስቶን ታውን ጠባብ መንገድ ላይም ከሞተር ብስክሌት ጋር መጋፋት ነው። አንቀልባ ያዙ። ከሌላችሁ ገበያው ውስጥ ካንጋ የሚባለውን ጨርቅ ገዝታችሁ እዘሉበት፤ ሲመለሱ ለአያቱ ስጦታ ይሆናል።