የሙያ ምክር፦ በራሴ በሽታ ላይ ምርምር ልሥራ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዋላጅ ነርስ ነሽ፤ በማህፀንና ጽንስ ክፍል አራት ዓመት ሠርተሻል። ሕመሙ የጀመረሽ በ15 ዓመትሽ ሲሆን ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑ የታወቀው ግን 24 ከሞላሽ በኋላ ነው። አሁን ወደ ክሊኒካል ምርምር መግባት ትፈልጊያለሽ። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው፦ ማስተርስ ልማር ወይስ ሥራ ልፈልግ? በሽታው የራሴ መሆኑ ይጎዳኛል ወይስ ይጠቅመኛል? ቃለ መጠይቅ ላይስ ልናገረው?

የመጀመሪያው ብዙ አያከራክርም፤ ሥራው ይቅደም። ማስተርስ የሚጠቅመው ጥያቄ ይዞ ለሚገባ ሰው ነው። አንድ ሁለት ዓመት የጥናት ነርስ ወይም የጥናት አስተባባሪ ሆነሽ ብትሠሪ የቱ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ታውቂዋለሽ። ቁጥሩ ከሆነ ባዮስታቲስቲክስ፣ የበሽታው ስርጭት ከሆነ ኤፒዲሚዮሎጂ ትማሪያለሽ። ሥራውን ሳይቀምሱ ማስተርስ የያዙ ጎበዞች አውቃለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ እንኳ የመረጠላቸው አማካሪያቸው ነበር። በአንጻሩ አንቺ የያዝሽው የአራት ዓመት ልምድ ለጥናት ነርስነት በቂ መግቢያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። እሱን ለመመለስ መጀመሪያ መስኩ የት ላይ እንደሚደክም ማየት አለብን።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል እጢ፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም አንጀትና ፊኛ ላይ ሲበቅል መሆኑን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ አለባቸው። ይህን ያህል የተስፋፋ በሽታ ሆኖ ሳለ ስሙን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ አንቺም ዘጠኝ ዓመት ጠብቀሻል። ተረቱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። እዚህ ግን ሴቶቹ አልደበቁም። ተናግረዋል፤ «የወር አበባ ያማል፣ ትለምጂዋለሽ» ተብለው ተመልሰዋል። ስለዚህ በዚህ መስክ ትልቁ የምርምር ችግር ከመድኃኒቱ በፊት ይጀምራል ባይ ነኝ፦ በሽታው ያለባትን ሴት በምን እንለያታለን? ሕመሟንስ በምን እንለካዋለን?

የመጀመሪያውን እንውሰድ። ለረጅም ጊዜ «በርግጥ አለባት» ለማለት ሆዷን በትንሹ ከፍቶ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ፣ ማየት ግድ ነበር። በ2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ የሰው ልጅ ሥነ ተዋልዶና ፅንስ ጥናት ማኅበር ያወጣው መመሪያ ይህን ቀየረው። ላፓራስኮፒ የምርመራው የመጨረሻ ሚዛን መሆኑ ቀረ፤ አሁን የሚመከረው የአልትራሳውንድና የኤምአርአይ ምስል ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ ወይም ያለ ቀዶ ጥገና የተሞከረው ሕክምና ሳይሠራ ወይም ሳይስማማ ሲቀር ነው። ለታካሚዎች መልካም ዜና ነው። ለተመራማሪ ግን ራስ ምታት ነው፤ በእንቁላል እጢ ላይ ያለ ኪስና ጠልቆ የገባው ዓይነት በሠለጠነ ዓይን በምስል ይታያል፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ በስሱ የተነጠፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ታዲያ ነገ አንቺ የምታስተባብሪው ጥናት ውስጥ የምትገባው ሴት ማን ናት? በቀዶ ጥገና የተረጋገጠላት ብቻ? በምስል የታየባትስ? በምልክቷ ብቻ የተጠረጠረችውስ? ሦስቱ የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፤ ውጤቱም የተለያየ ይሆናል።

አዴኖማዮሲስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ያው ህዋስ በማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ሲገኝ ማለት ነው። ድሮ የሚረጋገጠው ማህፀኑ ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ነበር፤ ዛሬ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ይለያል። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ አብረው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። የኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት የሚፈትን ጥናት አዴኖማዮሲሱን ሳይመዘግብ ቢያልፍ፣ በስተመጨረሻ «መድኃኒቱ ለምን ለግማሾቹ ብቻ ሠራ?» ሲባል መልስ አይኖርም።

የደም ምርመራስ? ሲኤ-125 የሚባለውን በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ታውቂዋለሽ፤ ለብቻው በሽታውን ለመለየትም ሆነ የለም ለማለት አይበቃም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወሬ የተነሳለት በፈረንሳይ የተሠራው የምራቅ ምርመራ ነው፤ 109 ማይክሮ አርኤንኤዎችን፣ ማለትም የዘረመልን ሥራ የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ሞለኪዩሎችን፣ አንድ ላይ ያነባል። የመጀመሪያው ጥናት የተሠራው በ200 ሴቶች ላይ ነበር፤ ውጤቱም አስደናቂ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ ከ200ዎቹ 153ቱ በሽታው የተገኘባቸው ናቸው። ሁሉም ቀድሞ የተጠረጠሩ ነበሩና። ከአራት ሦስቷ ታማሚ በሆነችበት ክፍል የተፈተነ ምርመራ፣ ከአሥር አንዷ ብቻ በምትታመምበት ተራ ክሊኒክ ውስጥ «አለብሽ» ሲል ያው እምነት አይጣልበትም። ስለ አዲስ ምርመራ ስታነቢ መጀመሪያ የሚታየው የተፈተነው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ቃለ መጠይቅ ላይ ብታነሺ፣ ከአንድ ዓመት ሥልጠና በላይ ይናገርልሻል።

ወደ ሕመሙ ልምጣ። ለእኔ የዚህ መስክ ልብ ይህ ነው። የኢንዶሜትሪዮሲስ ደረጃ ከአንድ እስከ አራት ይባላል፤ ደረጃው የሚሰጠው ግን ቀዶ ሐኪሙ ባየው ነው፣ ከሕመሙ ጋር ያለው ዝምድናም ደካማ ነው። ደረጃ አንድ ሆና ከአልጋ የማትነሣ አለች፤ ደረጃ አራት ሆና መሃንነት ሲመረመር የተገኘባት አለች። ስለዚህ መድኃኒት ሠራ አልሠራ የሚባለው በታካሚዋ ቃል ነው። የኢንዶሜትሪዮሲስን ሕመም የሚያስታግሰው ኤላጎሊክስ የሚባል ክኒን በ2018 በአሜሪካ ሲፈቀድ የተመሠረተው በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ሕመማቸውን በየቀኑ በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። በመጀመሪያው ጥናት የወር አበባ ሕመም የቀነሰላቸው ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 75.8 በመቶ፣ ዝቅተኛውን ከወሰዱት 46.4 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ማለትም ፕላሴቦ ከወሰዱት 19.6 በመቶ ነበሩ። ከወር አበባ ውጭ ባለው ሕመም ግን ፕላሴቦ ወስደው የተሻላቸው 36.5 በመቶ ደረሱ። ከሦስት አንዷ በላይ!

ቀዶ ጥገናም ከዚህ አያመልጥም። በ2004 በታተመ አንድ ትንሽ ጥናት 39 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ በሽታው ተቆርጦ ወጣላቸው፣ ገሚሶቹ ሆዳቸው ታይቶ ብቻ ተዘጋ። ከስድስት ወር በኋላ ከተቆረጠላቸው 80 በመቶው፣ ካልተቆረጠላቸውም 32 በመቶው ተሽሏቸው ነበር። ይህ ማለት ሴቶቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያሾፍ ባለሙያ ካጋጠመሽ ከሱ ጋር አትሥሪ። ሕመም ከፍና ዝቅ ይላል፣ ተስፋ ያስታግሳል፣ የሚሰማ ሰው ማግኘትም ያስታግሳል። ለዚህ ነው ማወዳደሪያ ቡድን የሚያስፈልገው። ለዚህም ነው መዝጋቢዋ ወሳኝ የምትሆነው።

ከራሴ ልንገርሽ። የጥናት አስተባባሪ ሆኜ በጀመርኩበት ዓመት፣ የየዕለት የሕመም ማስታወሻው ወረቀት ነበር። አንድ ጠዋት ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ብቅ ስል፣ አንዲት ተሳታፊ የአራት ሳምንቱን ቁጥር በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ እስክሪብቶ ስትሞላ አየኋት። 6፣ 6፣ 7፣ 6። ዝም ብዬ ተቀበልኳት፤ አፈርኩ መሰለኝ። ከወራት በኋላ የጥናቱ ተቆጣጣሪ ፋይሉን ገልጦ «ይህቺ ሴት ለ28 ቀን ቀለም አልቀየረችም» አለኝ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ ማስታወሻው ለምን በየቀኑ እንደሚሞላ ማንም አላስረዳትም፣ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ሰዓቱን ስለሚመዘግብ ይህን አስቀርቷል፤ ያመለጠ ቀን ግን አሁንም ያመልጣል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ደግሞ ሕመሙ የበረታበት ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። በግንኙነት ጊዜ ያምሻል ወይ፣ ሰገራ ስትቀመጪስ፣ ሽንት ስትሸኚስ ብሎ ሳያፍርና ሳያሳፍር የሚጠይቅ ሰው ይህ ሥራ ይፈልጋል። አዋላጅ ስለሆንሽ ታውቂበታለሽ፤ ታማሚ ስለሆንሽ ደግሞ «ደህና ነኝ» ስትባዪ የቱ ደህና እንደሆነ ይገባሻል። ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ያለው የፈቃድ ቅጹ ላይ ነው። አንዲት ሴት ፊትሽ ተቀምጣ «አንቺ ብትሆኚ ትገቢ ነበር?» ትልሻለች። «እኔም ይህን መድኃኒት ወስጄ ተሽሎኛል» ካልሽ አበቃ፤ ፈቃዷ ነጻ መሆኑ ይቀራል፣ በዕጣ ፕላሴቦ ሊደርሳት እንደሚችልም ከዚያ በኋላ አትሰማም። የምትወስጂው ወይም የተውሽው መድኃኒት በጥናቱ ውስጥ ካለ ለዋናው ተመራማሪ አስቀድመሽ ንገሪ። ፈቃድ መቀበሉንና ውጤት መመዘኑን ሌላ ሰው ይሥራው፤ አንቺ ቀጠሮውን፣ ናሙናውንና ዳታውን ያዢ።

ሌላም አለ። የምታምኚበት ሕክምና ሳይሠራ ሲቀር መቀበል አለብሽ። ጋባፔንቲን የሚባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ምክንያቱ ላልታወቀ የረጅም ጊዜ የዳሌ ሕመም በየቦታው ይታዘዝ ነበር። በብሪታንያ በ306 ሴቶች ላይ ተፈትኖ በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ከፕላሴቦ አልተሻለም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በለጠ። በዚያ ጥናት ላይ ዓመታት የደከሙ ነርሶች አሉ። ድካማቸው ለከንቱ አልሆነም፤ ስንት ሴት የማይረዳትን ክኒን ከመዋጥ ተርፋለች። ይህ ዓይነቱ ውጤት የሚያስከፋሽ ከሆነ ግን የታካሚ ማኅበር ሥራ ይሻልሻል፤ ያም የተከበረ ሥራ ነው።

ዝግጅቱን ባጭሩ ልበልሽ። የመልካም ክሊኒካል አሠራር፣ ማለትም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሚመራበትን ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ሥልጠና ውሰጂ፤ በነጻ በኢንተርኔት የሚሰጡ አሉ። ሥልጠናው በጥር 2025 በወጣው በሦስተኛው ማሻሻያ የተዘጋጀ መሆኑን እዪ። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር የተጻፈበትን፣ በ2024 የተሻሻለውን የሄልሲንኪ አዋጅ ደግሞ ራስሽ አንብቢው፤ ረጅም አይደለም። ከዚያ የዓለም የኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር ፋውንዴሽን ከ2014 ጀምሮ ያሰራጫቸውን የጋራ መጠይቆችና የናሙና አወሳሰድ መመሪያዎች አውርጂ። ልዩ ልዩ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ዳታቸውን ማወዳደር እንዲችሉ የተዘጋጁ ናቸው፤ በ2023 ከ60 ሺህ በላይ ታማሚዎችን አሰባስቦ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 42 የዘረመል ሥፍራዎችን ያገኘው ዓይነት ጥናትም ያለ ብዙ አገሮች ትብብር አይታሰብም። መጠይቁን እንደ ታማሚ ራስሽ ሙዪው። የት ላይ እንደተደናገርሽ፣ የቱ ጥያቄ ሕመምሽን እንዳልያዘው ጻፊ። ያ ገጽ ከማመልከቻ ደብዳቤሽ ጋር ይሂድ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፦ የጥናት ሥራ ውል ብዙ ጊዜ ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል። ስትቀጠሪ «ተሳታፊ መመዝገብ መቼ ያበቃል?» ብለሽ ጠይቂ። ደመወዙን ለመጠየቅ ማንም አይረሳም፤ ይህን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ፣ በሽታሽን የመናገር ግዴታ የለብሽም። መናገር ከፈለግሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃሽ፤ «ምርመራዬን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ስለዚህ የተሳታፊ ማስታወሻ ለምን ባዶ እንደሚቀር አውቃለሁ» በዪና ወደ ሥራው ተሻገሪ። ሕመሙ የሚበረታብሽ ቀን እንዳለ ግን ከተቀጠርሽ በኋላ ለአለቃሽ ንገሪ። የተሳታፊዎች ቀጠሮ ከተወሰነለት ቀን ጥቂት ወዲህ ወዲያ ማለት ይችላል፤ ናሙና መቀበያው ጠዋት ግን ምትክሽ ማን እንደሆነች ከወዲሁ መታወቅ አለበት።