መልስ፦ ዊልቸር የሚጠቀመው ወንድሜ ቲያትር የት ይማር?

የአካባቢያችሁ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ድረ ገጽ ላይ «ሎካል ኦፈር» ብለሽ ፈልጊ። እንግሊዝ ውስጥ እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር ከ0 እስከ 25 ዓመት ላሉ አካል ጉዳተኛና ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ያለውን አገልግሎት እዚያ እንዲዘረዝር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የልጆችና የቤተሰቦች ሕግ ያስገድደዋል። የቲያትርና የዳንስ ቡድኖችም ብዙ ጊዜ እዚያው አሉ።

«ለዊልቸር አይመችም» ብሎ የመለሳችሁ ቡድን ግን እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርግ ይጠይቀዋል። በኢሜይል ጻፊላቸው፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

«ለሁሉም ክፍት» የሚል ማስታወቂያ ደግሞ አትመኚ። እህቴን ይዤ ሄጄ በሩ ሰፊ፣ አቀባበሉ ሞቅ ያለ ነበር። መድረኩ ግን በደረጃ ብቻ ነው የሚወጣው! ልጅት ከታች ቁጭ ብላ ስታይ ዋለች። ከመመዝገባችሁ በፊት መድረኩንና መጸዳጃ ቤቱን በዓይናችሁ እዩ።