አያቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ባሉ ቁጥር የሚቆጣው ልጅ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ በአይሁድ ሕግ የፈጣሪን ስም በየዕለቱ ወሬያችን ውስጥ ስለመጥራት። እስቲ አንድ ላይ እንያቸው።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ለሻባት (ለሰንበት) ቤት ሲመጣ እናቴን መቀመጫ አሳጣት። 'እግዚአብሔር ይመስገን' ስትል 'አያቴ፣ ስሙን በከንቱ አትጥሪ፣ ሃሼም በይ' ይላታል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህ ስም ከአፏ ተለይቶ አያውቅም። ባለፈው ሰው ፊት ሲያርማት አለቀሰች። ማን ነው ትክክል?» (ከነታንያ፣ እስራኤል)

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ምንም አላጠፉም።

ልጅሽም ግን ከሜዳ ተነስቶ አይደለም የሚናገረው። የተማረው ነገር እውነት ነው፤ ያለ ቦታው ነው ያዋለው። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ትእዛዝ በመጀመሪያ የሚመለከተው መሐላን ነው። ራምባም ግን፣ ከ800 ዓመት በፊት ግብፅ የኖረው ታላቁ የሕግ ሊቅ፣ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ሰው ሳይምል እንኳ ከቅዱሳን ስሞች አንዱን እንዲሁ በዋዛ መጥራት ክልክል ነው ይላል፤ የከበረውንና የሚያስፈራውን ስም መፍራት ታዘናልና። በዕብራይስጥ በአራት ፊደል የሚጻፈውን ስም ዛሬ እንደ ፊደሉ የሚያነብ የለም። ቤተ መቅደስ በነበረበት ዘመን ሊቀ ካህኑ በዮም ኪፑር፣ በማስተሰረያ ቀን፣ ሲጠራው በአደባባዩ የቆመው ካህንም ሕዝብም በግንባሩ ይደፋ ነበር። አሁን በጸሎትና በበረከት ላይ በምትኩ «አዶናይ» እንላለን፣ በወሬ መሃል ደግሞ እሱንም ትተን «ሃሼም»፣ ማለትም «ስሙ»፣ እንላለን። የማያስፈልግ በረከት መባረክ ራሱ፣ ለምሳሌ አንድ ዳቦ ላይ ያለ ምክንያት ሁለቴ «ሃሞጺ» የሚባለውን የዳቦ በረከት ማለት፣ ስሙን በከንቱ እንደመጥራት ይቆጠራል። ትምህርት ቤት የነገሩት ይህንን ነው፤ ጥሩ አስተማሩት።

ግን እናትሽ «አዶናይ» አላሉም። በአማርኛ ነው የተናገሩት። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው ራቢ ሻብታይ ኮሄን፣ «ሻኽ» የሚባለው፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የፈጣሪ ስም በዕብራይስጥ ያሉት ሰባቱ ቅዱሳን ስሞች ያላቸው ዓይነት ቅድስና እንደሌለው ጽፏል፤ ብዙዎች ተከትለውታል። ይህ ማለት ግን በአማርኛ እንደፈለግን እንቀልድበት ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ቋንቋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ያሉ ሊቃውንትም አሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ከቋንቋው ጉዳይ ይልቅ ለእኔ የሚበልጠው ሌላ ነው። ምስጋና ከንቱ አይደለም! ሚሽና የሚባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ፣ ብራኾት የሚለው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ሰው ባልንጀራውን በእግዚአብሔር ስም ሰላም እንዲል ተደንግጓል ይላል። ማስረጃው በመጽሐፈ ሩት ያለው ቦዔዝ ነው። ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» አላቸው፣ እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው መለሱለት። የሥራ ቦታ ሰላምታ ነው እንግዲህ፤ ማሳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። እናትሽ ጎረቤት «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው የሚመልሱት ከዚህ በምን ይለያል? የቤተ እስራኤል ቄሶቻችንስ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» እያሉ ነው በግዕዝ ሲጸልዩ የኖሩት። ልጅሽ በዕብራይስጥ «ባሩክ ሃሼም» (ስሙ ይባረክ) ሲል አያቱ ከሚሉት የተለየ ነገር አላለም።

ከንቱ የሚሆነው ስሙ ምንም ሳይሠራ ሲቀር ነው። አውቶቡስ ሲያመልጠን «ኧረ በእግዚአብሔር!»፣ አዲስ ጫማ ስናይ «ኦ ማይ ጋድ»። እዚህ ላይ ምስጋና የለም፣ ልመና የለም፣ ስሙ የትንፋሽ ማራገፊያ ሆኗል። ታልሙድ፣ የጥንት ሊቃውንት ውይይት የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ስሙ በዋዛ በሚጠራበት ቦታ ድህነት አይጠፋም ይላል፤ ነገሩን እንዴት ከባድ አድርገው እንዳዩት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ እርግማን። «እግዜር ይድፋህ» የምንለው፣ ልጅ ሲያስቸግር፣ ሹፌር መንገድ ሲዘጋብን። ሰውን በፈጣሪ ስም መርገም በቶራ (በኦሪት) ክልክል ነው። ራምባም ደግሞ ሌሎች ሕዝቦች ፈጣሪን የሚጠሩባቸው ስሞችም ለዚህ ጉዳይ ይቆጠራሉ ይላል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢረገም ተረግሟል። ስለዚህ በአማርኛ ስለሆነ አይቆጠርም የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ አይሠራም። በቤታችሁ አንድ ነገር መታረም ካለበት ከዚህ ጀምሩ።

ለልጅሽ ደግሞ የራሱን መጻሕፍት አሳዪው። ሹልሐን አሩኽ የሚባለው የሕግ መጽሐፍ እንደሚለው አባቱ የቶራን ቃል ሲተላለፍ ያየ ልጅ «አባዬ፣ ሕግ ጣስክ» አይለውም። «አባዬ፣ በቶራ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሆኖ ይናገራል፣ እንዳያሳፍረው። ሰው አያቱንም ማክበር እንዳለበት ደግሞ ራቢ ሞሼ ኢሰርልስ እዚያው ጨምሮበታል። ይህ አባት በእርግጥ ሲያጠፋ ነው፤ ያላጠፉ አያትማ በሰው ፊት አይታረሙም። ይቅርታ ይጠይቃቸው። ከዚያ «አያቴ፣ በዕብራይስጥ ስትጸልዪ ብቻ ነው 'አዶናይ' የምትዪው፣ በወሬ መሃል አትበዪው» ብሎ በእርጋታ ቢያስረዳቸው ደስ ይላቸዋል። ምላሳቸው ካዳለጣቸውም መፍትሔ አለው። ራምባም ስሙ ካመለጠህ ቶሎ ብለህ አመስግን፣ «ለዘላለም የተባረከ ነው» በል፣ በከንቱ የተጠራ እንዳይሆን ይላል።

«በንዴት አፌ አመለጠኝ። ከእህቴ ባል ጋር በገንዘብ ተጣላንና ዘመድ ሁሉ ባለበት 'በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ ከእንግዲህ ቤትህን አልረግጥም' አልኩ። አሁን እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ግርዛቱ በሚመጣው ሳምንት እዚያው ቤት ነው። ጓደኞቼ በአማርኛ የተማለ አይቆጠርም አሉኝ። ልሂድ?» (ከአሽዶድ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ጓደኞችህ ግን ተሳስተዋል። መሐላ በየትኛውም ቋንቋ መሐላ ነው። ራምባም በፈጣሪ መጠሪያ፣ «መሐሪው» ወይም «ርኅሩኁ» በሚለው እንኳ ቢሆን፣ በማንኛውም ቋንቋ የማለ ሰው ሙሉ መሐላ ምሏል ይላል። ዝም ብለህ አትሂድ።

አትጨነቅ ግን፣ መንገድ አለው። ሃታራት ነዳሪም፣ ስለትን መፍታት፣ ይባላል። ወደ ራቢህ ሂድ፣ እሱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይጨምራል፣ ሦስት ይሆናሉ። በምን እንደማልህ፣ ለምን እንደማልህ፣ ምን እንዳስቆጨህ ሳትደብቅ ትነግራቸዋለህ። ልጅ እንደሚወለድ፣ እህትህ እንደምታዝን ያኔ አስበህ ብትሆን ትምል ነበር ወይ ብለው ይጠይቁሃል። አልምልም ነበር ካልክና ከልብህ ከተጸጸትክ ይፈቱሃል። በስሙ የተማለን መሐላ ሊቃውንት በቀላሉ አይፈቱም፤ ሰላም ለማውረድ ሲሆን ግን ይፈታል፣ ያንተ ደግሞ በግልጽ የሰላም ጉዳይ ነው። ከሮሽ ሃሻና (ከአይሁድ አዲስ ዓመት) በፊት ብዙዎች በጅምላ የሚሉት የመፍቻ ጸሎት አለ፤ ለምታስታውሰው ለዚህ መሐላ በእሱ አትተማመን፣ በዝርዝር ተናገር። ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ፣ ሚላው (ግርዛቱ) ስምንተኛው ቀን ላይ ነው፣ አንተን አይጠብቅም።

መማል ልማድ የሆነብን ብዙ ነን፤ ሥራ ቦታ በየደቂቃው «እግዚአብሔርን!»፣ ልጆቻችን ደግሞ «ወላ» ሲሉ ይውላሉ፣ ከዓረብኛ የመጣ መሐላ መሆኑን ሳያውቁ። ሚሽና ከንቱ መሐላ ከሚላቸው መካከል ሁሉም ስለሚያውቀው ነገር ተቃራኒውን መማል አለ፤ የድንጋይ ዓምድ አይቶ ወርቅ ነው ብሎ እንደመማል። ራምባም ደግሞ ድንጋዩን ድንጋይ ነው ብሎ መማልንም ይጨምራል። እውነት ነው እኮ! ግን ስሙ ለዚህ አይጠራም። ቃል ስትገባ «ብሊ ነደር» በል፣ «ሳልሳል» ማለት ነው፤ እኔ ይህ ልማድ ከብዙ ጣጣ ሲያድን አይቻለሁ።

«ሜሪላንድ አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ። የምረዳቸው አይሁዳዊት እናት ካርድ ሲጽፉ በእንግሊዝኛ የአምላክን ስም መሃሉን ፊደል ትተው ሰረዝ ያደርጉበታል። እኔ ማታ ስለያቸው 'ጋድ ብለስ ዩ' እላቸዋለሁ። ይከፋቸው ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይከፋቸውም እህቴ። ምርቃት ነው፣ ቦዔዝ ያለውን ነው የምትያቸው። ቀጥዪበት።

ሰረዙ ስለመጻፍ እንጂ ስለመናገር አይደለም። በዘዳግም ምዕራፍ 12 የጣዖታትን ስም አጥፉ፣ ለአምላካችሁ ግን እንዲህ አታድርጉ ተብሏል። ከዚህ ተነስቶ በዕብራይስጥ የተጻፈን ቅዱስ ስም መፋቅ፣ መቅደድ፣ መጣል ተከለከለ። በእንግሊዝኛ ሰረዝ ማድረግ ዋናው ሕግ የሚያስገድደው አይደለም፣ ወረቀቱ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም ብለው ለክብሩ የጨመሩት ጥንቃቄ ነው። አንቺ ስትጽፊ እንደ ልማድሽ ጻፊ።

ስም ያለበት የዕብራይስጥ ወረቀት ሲያረጅ ግኒዛ በሚባል ቦታ ይቀመጣል፣ በኋላም ይቀበራል። ካይሮ ውስጥ በቤን ዕዝራ ምኩራብ ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ የተጠራቀመው ወረቀት ክፍል ሞልቶ ተገኘ፤ ሰለሞን ሼክተር የሚባል ምሁር በ1896 ሄዶ አይቶት አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ ወሰደው። ጸሎት ብቻ አልነበረም፣ የንግድ ደብዳቤና የጋብቻ ውል ሁሉ ነበረበት።

ስለዚህ ክፍላቸውን ስታጸጂ የተቀደደ የጸሎት መጽሐፍ ገጽ ወይም በዕብራይስጥ የተጻፈ ቡራኬ ወለል ላይ ብታገኚ ቆሻሻ ውስጥ አትክተቺው። አንስተሽ ጠረጴዛቸው ላይ አድርጊላቸው፣ ቤተሰባቸው ሲመጣ ወደ ምኩራብ ይወስዱታል።