ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ ሞተር

ጥያቄ፦ የድሮ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ያለው የውሃ ፓምፕ እያደስኩ ነው። ሲቀዘቅዝ ገመዱን አንዴ ሁለቴ ስስበው ይነሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራና ድንገት ቀጥ ይላል። ካልበረደ አይነሳም። ካርቡሬተሩን ሁለቴ አጽድቻለሁ፣ ካንዴላም ቀይሬያለሁ። ከእኔ በፊት የነካካው ሰው በቮላኖውና (ማግኔት የያዘው ከባድ የሚሽከረከር ጎማ) በዘንጉ መሀል የምስማር ቁራጭ ሸጉጦበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርቡሬተሩን ተወው። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ይንተፋተፋል፤ ቾክ (የአየር መዝጊያውን) ስትስብለት ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያንተው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጠፋው። ይሄ የእሳት ችግር ነው። እኔ የምጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው፤ ካረንት ለቅጽበት የምታጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ።

ልክ እንደጠፋ፣ ሳይበርድ ፈትነው። ሌላ ደህና ካንዴላ በካንዴላው ገመድ ላይ ሰክተህ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካውና ማስነሻውን ሳብ። የራሱን ካንዴላ ግን ከቦታው አትፍታው፤ ከክፍት ቀዳዳ የሚወጣ የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላል። ሰማያዊ ሆኖ የሚንጣጣ እሳት ካየህ ግምቴ አልያዘም። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ቮላኖው ይፈታ።

ከዚያ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀልና አርቀህ እሰረው። ቮላኖ በእጅ ሲዞርም ማግኔቱ እሳት ይፈጥራል። የሞቀ ሞተር በዚያ ይነሳና ጣት ይወስዳል።

ዳዶውን ፈትተህ ቮላኖውን በፑለር (በመንቀያ መሣሪያ) አውጣ። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ አትምታ። ምስማሩን ጣለው! እዚያ ቦታ የሚገባው ቁራጭ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲያዝ እሱ ይቆረጥና ዘንጉን ያተርፋል። ምስማር አይቆረጥም። በዚያ ላይ ልኩ ስላልሆነ ቮላኖው ይንሸራተትና የእሳቱ ሰዓት ይዛባል። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል።

አሁን ወደ ኮንደንሰሩ። ኮንታክት ፖይንቱ (ካረንቱን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ዝግ ሳለ የቮላኖው ማግኔት በኮይሉ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅል) የመጀመሪያ ጥቅል ውስጥ ካረንት ያስሮጣል። ፖይንቱ ሲከፈት ካረንቱ ይቋረጣል፣ የኮይሉ ማግኔታዊ ኃይልም ባንዴ ይወድቃል። ውሃ እየሮጠ ቧንቧው ድንገት ሲዘጋ ቱቦው እንደሚደነግጠው ማለት ነው። በሁለተኛው ጥቅል በሺህ የሚቆጠሩ ቮልቶች የሚፈጠሩት በዚህ ድንገተኛነት ነው። ኮንደንሰር ባይኖር ካረንቱ በተከፈተው ፖይንት መሀል እየዘለለ ይቀጥላል፣ ድንገተኛነቱ ይጠፋል። ኮንደንሰሩ ያንን ካረንት ለቅጽበት ይቀበለዋል። ውስጡ ያለው መከላከያ ሲያረጅ፣ በሙቀት ጊዜ ካረንት ያሳልፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ተራ መልቲሜትር ቀዝቃዛውን ለክቶ «ደህና ነው» የሚልህ ለዚህ ነው። የፖይንቱ ፊት ጠቁሮና ጉድጓድ አውጥቶ ካገኘኸው ጥርጣሬዬን አጠንክረው።

በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ላይ አንደኛው ፖይንት የኮንደንሰሩ ጫፍ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አብረህ ቀይር። ርካሹን ግን አትግዛ፤ አዲስ ሆኖ ሲሞቅ እንደ አሮጌው የሚያደርግ ሞልቷል። ክፍተቱን 0.5 ሚሊሜትር አድርገው፤ የሚስተካከለው ኮንደንሰሩን በማቀፊያው ውስጥ ገፋ ሳብ በማድረግ ነው። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት በፖይንቱ መሀል አስገብተህ ጎትት። ወረቀቱ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ ፖይንቱን የምትገፋው ትንሿ ዘንግ የምትገባበት ቀዳዳ ተበልቷል። እሱን ሳታበጅ አትግጠም።

ቮላኖውን ከመለስክ በኋላ በኮይሉና በማግኔቱ መሀል ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ይኑር። ስትለካ ቮላኖውን ማዞርህ አይቀርም፤ የካንዴላው ገመድ አሁንም ተነቅሎ ይሁን።

ይሄም ሆኖ ሲሞቅ እሳቱ ከጠፋ፣ ኮይሉ ነው። በፈተናው ጊዜ እሳቱ ደህና ከነበረ ደግሞ የነዳጅ ታንኩን ክዳን አላልተህ ሞክር፤ የአየር ቀዳዳው ተደፍኖ ይሆናል። እሱም ካልሆነ የቫልቮቹን ክፍተት ለካ። ጠባብ ከሆነ ሲሞቅ ቫልቩ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ይጠፋል። እዚያም ላይ እጅህን ከማስገባትህ በፊት፣ መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ንቀል።